5 ሊትር ዘይት ለምን 5 ኪሎ አይሆንም? ስለ ስፔሲፊክ ግራቪቲ በቀላሉ

ባለፈው ሰሞን አንዲት የግቢያችን እናት ከባለሱቅ ጋር ተጣልተው ገቡ። ነገሩ እንዲህ ነው። 5 ሊትር የሚል ጀሪካን ዘይት ገዙ። ቤት ሲደርሱ ጥርጣሬ ቢጤ ገባቸውና በርበሬ የሚመዝኑባት ሚዛን ላይ አስቀመጡት። የባዶው ጀሪካን ሲቀነስ 4 ኪሎ ከ600 ግራም ብቻ ሆነ። «400 ግራም ዘይቴን በላኝ!» ብለው ተመልሰው ሄዱ። ባለሱቁ ማለ፣ ተገዘተ፣ በመጨረሻም በፋብሪካው ላይ አሳበበ።

ሁለቱም አልዋሹም። ዘይቱ ሙሉ 5 ሊትር ነው። ሚዛኗም ልክ ነች። ሊትር የሚነግረን ፈሳሹ የያዘውን ቦታ ነው፣ ኪሎ ደግሞ ክብደቱን። ሁለቱ የሚገጣጠሙት ለውሃ ነው፣ ለውሃም ቢሆን በግምት። ለሌላው ፈሳሽ ሁሉ አይገጥሙም።

ይህን አለመግጠም በአንዲት ቁጥር የሚናገረው መለኪያ ላብራቶሪ ውስጥ ስፔሲፊክ ግራቪቲ ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ወተት መረከቢያ ጣቢያ ላይ አለ፣ ባትሪ ቤት አለ፣ የሽንት ምርመራ ውጤት ላይ እንኳ «1.020» ተብሎ ቁጭ ይላል፣ ብዙ ሰው ግን ምን እንደሆነ ሳይገባው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል።

ስፔሲፊክ ግራቪቲ ማለት ምን ማለት ነው?

ጥያቄው አንድ ነው፦ ይህ ፈሳሽ ከውሃ ስንት እጥፍ ይከብዳል? ዕቃው ግን እኩል መሆን አለበት። አንድ ብርጭቆ ማር ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር፣ አንድ ጠርሙስ ዘይት ከአንድ ጠርሙስ ውሃ ጋር። የፈሳሹን ክብደት በውሃው ክብደት ማካፈል ነው፣ በቃ።

ውሃ ራሱ 1 ነው፣ ከራሱ ጋር ስለሚነጻጸር። የምግብ ዘይት 0.92 አካባቢ ይወጣል፤ የጎረቤቴ ጀሪካን 4.6 ኪሎ የሆነውም 5 በ0.92 ሲባዛ 4.6 ስለሆነ ነው። ቤንዚን ከ0.71 እስከ 0.77 ይደርሳል፣ ናፍጣ ከ0.82 እስከ 0.86። የላም ወተት ከውሃ በጥቂቱ ይበልጣል፣ 1.03 ገደማ። ማር 1.4 ነው፤ ስለዚህ አንድ ሊትር ማር አንድ ኪሎ ከ400 ይመዝናል፣ ማር በሊትር የሚገዛና በኪሎ የሚገዛ ሰው ዋጋ ሲያወዳድሩ ይህን ካላወቁ አይግባቡም። ሜርኩሪማ 13.6 ነው፣ እሱን ተዉት።

ከ1 በታች የሆነና ከውሃ ጋር የማይደባለቅ ፈሳሽ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ወጥ ላይ ዘይቱ ከላይ እንደሚቀመጠው። ከ1 በላይ የሆነው ይሰምጣል።

ስሙን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። «ልዩ ስበት» ብለው በቀጥታ የሚተረጉሙት አሉ፤ እኔ አልወደውም፣ ስለ መሬት ስበት የሚያወራ ያስመስለዋል። ትምህርት ቤት «እፍጋት» የተባለውን ታስታውሳላችሁ፣ መጠነ ቁስ ሲካፈል ለይዘት። ስፔሲፊክ ግራቪቲ ማለት የፈሳሹ እፍጋት ለውሃ እፍጋት ሲካፈል ነው፣ ስለዚህ «አንጻራዊ እፍጋት» የሚለው ይሻላል። ግራም ለግራም ስለሚካፈል መለኪያ አሃድ የለውም። ከቁጥሩ ኋላ ኪሎም ሊትርም አይጻፍም።

ስበት አያገባውም ያልኩት በዋዛ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ዳሎል ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች። የመሬት ስበት በሁለቱ ቦታዎች በጣም በጥቂቱ ይለያያል፤ ነገር ግን ፈሳሹም ውሃውም እኩል ስለሚነካቸው ስናካፍል ይጣፋል። ወተቱ በዚያም በዚህም ያው 1.03 ነው።

ላብራቶሪ ውስጥ እንዴት ይለካል?

አንደኛው መንገድ በብልቃጥ ነው። ፒክኖሜትር ይባላል፣ እጅ መዳፍ ውስጥ የምትገባ የመስታወት ብልቃጥ ናት፣ ብዙ ጊዜ 25 ወይም 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ። ልዩ የሚያደርጋት ክዳኗ ነው። ክዳኑ ከላይ እስከ ታች እንደ ፀጉር በቀጠነ ቀዳዳ ተበስቷል። ብልቃጧን እስከ አፏ ሞልታችሁ ክዳኑን ስትከቱት ትርፉ ፈሳሽ በቀዳዳው ሽቅብ ይወጣና ይፈሳል። የወጣው ይጠረጋል። ስለዚህ በሞላችሁት ቁጥር ውስጧ የሚቀረው መጠን ሁልጊዜ አንድ ነው። ጥበቡ ሁሉ ይኸው ነው፤ በዓይን «እዚህ ድረስ ሞላሁ» ማለት የለም።

ሥራው ሦስት ጊዜ መመዘን ነው። መጀመሪያ ባዶዋን፣ ታጥባና ደርቃ። ቀጥሎ የተጣራ ውሃ ሞልቶ። ከዚያ ውሃውን ደፍቶ፣ አድርቆ፣ የሚመረመረውን ፈሳሽ ሞልቶ። በቁጥር እንየው። ባዶዋ 25.412 ግራም መዘነች እንበል። ውሃ ስትሞላ 50.367 ሆነች። የውሃው ብቻ 24.955 ግራም ነው። ወተት ስትሞላ 51.116 ሆነች፣ የወተቱ ብቻ 25.704። አሁን 25.704ን ለ24.955 ስናካፍል 1.030 ይመጣል። አለቀ።

አለቀ ስል ግን ወረቀት ላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሰው የሚያሳስቱ ጥቃቅን ነገሮች ሞልተዋል። አንዲት የውሃ ጠብታ 0.05 ግራም ገደማ ትመዝናለች። እሷን ከብልቃጧ ውጪ ሳትጠርጓት ብትመዝኑ 25 ሚሊ ሊትር ላይ ውጤቱ በ0.002 ይዛባል። ይህ ምን ያህል ነው ብትሉ፣ ወተት ቢሆን ኖሮ 7 በመቶ ውሃ የመጨመርና ያለመጨመርን ያህል ልዩነት ነው። በአንዲት ጠብታ!

ብልቃጧን በባዶ እጅ ጨብጦ መቆየትም ጉድ ያመጣል። የእጅ ሙቀት ፈሳሹን ያሰፋዋል፣ የሰፋው በቀዳዳው ይወጣል፣ የወጣው ሳይመዘን ይቀራል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ሰው አንገቷን በወረቀት ይዞ ሲያነሳት የምታዩት። ውስጧ የአየር አረፋ ካለም ፈሳሹ ሊይዝ የሚገባውን ቦታ አየር ይዞታል ማለት ነው፣ ውጤቱ ዝቅ ይላል። ማር ላይ ይህ ትልቅ ራስ ምታት ነው፤ አረፋው ተጣብቆ አይወጣም፣ ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ አቆይቶ በትዕግሥት መጠበቅ ነው። ለማድረቅ ብሎ ምድጃ ውስጥ መክተት ደግሞ አይመከርም፣ ልኬቷ የተጠበቀ መስታወት በከፍተኛ ሙቀት ሊዛባ ይችላል። በአልኮል ወይም በአሴቶን ማለቅለቅና አየር ላይ መተው ይበቃል።

እንደዚህ አድርጎ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ የለካ ሰው እስከ አራተኛው አኃዝ ድረስ ሊተማመን ይችላል። ግን ጊዜ ይፈጃል። ጠዋት ጠዋት 100 ገበሬ ወተት ይዞ የሚሰለፍበት ጣቢያ ላይ በብልቃጥ እንለካ ብትሉ ወተቱ እርጎ ይሆናል።

ታዲያ ወተት መረከቢያ ጣቢያ ላይ የምትንሳፈፈው መስታወት ምንድን ናት?

ለጥድፊያ የተሠራችው እሷ ናት። ሃይድሮሜትር ትባላለች። ታችዋ ወፍራም፣ ላይዋ እንደ እስክሪብቶ የቀጠነ፣ ዝግ የመስታወት ቱቦ ናት። ታችዋ ውስጥ የእርሳስ ማዕድን ፍንጣሪ ተሞልቷል፣ ቀጥ ብላ እንድትቆም። ቀጭኑ አንገት ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አለ። ፈሳሹ ላይ ትለቋታላችሁ፣ ትወዛወዝና ትረጋለች፣ የፈሳሹ ፊት የሚነካውን ቁጥር ታነባላችሁ።

እንዴት እንደምትሠራ ለመረዳት ዋና የሚችል ሰው መጠየቅ ነው። ጨዋማ ያልሆነ ሐይቅ ውስጥ ለመንሳፈፍ መታገል አለ። የአፋሩ የአሳሌ ጨው ሐይቅ ውስጥ ግን ዋና የማይችለውም ሰው እንደ ቡሽ ብቅ ይላል። ሰውየው አልቀለለም፣ ውሃው ነው የከበደው። የሚንሳፈፍ ነገር ሁሉ የራሱን ክብደት የሚያህል ፈሳሽ ከቦታው ይገፋል፣ ይህ የሲራኩሱ አርኪሜድስ ሕግ ነው። ፈሳሹ ከባድ ከሆነ ጥቂት መግፋት ይበቃል፣ ስለዚህ መስታወቷ ብዙ አትጠልቅም። ቀላል ከሆነ ያንኑ ክብደት ለማሟላት ብዙ መግፋት አለባት፣ ትጠልቃለች።

ከዚህ የተነሳ ቁጥሮቿ ተገልብጠዋል። ትንሹ ቁጥር ከላይ፣ ትልቁ ከታች። መጀመሪያ ያየ ሰው በስህተት የታተመ ይመስለዋል።

ነገሩ ከተፈለሰፈ ቆይቷል። በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሲኔሲዮስ የሚባል የሰሜን አፍሪካ ሰው፣ ኋላ ጳጳስ የሆነ፣ እስክንድርያ ለነበረችው መምህሩ ለሂፓቲያ ደብዳቤ ጻፈ፤ ውሃ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ጎኑ ላይ መስመር የተሰመረበት፣ ታቹ ክብደት ያለው ቱቦ አሠርተሽ ላኪልኝ አላት። ከ1,600 ዓመት በፊት ማለት ነው። ዛሬ ያለችው ከዚያ ብዙም አልራቀችም።

አነባበቧ ላይ ሁለት ነገር ይነሳል። አንደኛ፣ ዓይናችሁ ከፈሳሹ ፊት ጋር እኩል መሆን አለበት፣ ቆማችሁ ቁልቁል እያያችሁ ካነበባችሁ ትሳሳታላችሁ። ሁለተኛ፣ ፈሳሹ መስታወቷን በሚነካበት ቦታ ጠርዙ ትንሽ ከፍ ይላል። ውሃን የመሰለ የሚያሳይ ፈሳሽ ከሆነ የሚነበበው ከፍ ያለው ጠርዝ ሳይሆን ጠፍጣፋው ፊት ነው። ወተት ግን አያሳይም፣ ከሥር ማየት አይቻልም፣ ስለዚህ የላይኛው ጠርዝ ይነበባል፤ የወተት መለኪያዎች ይህ ታስቦላቸው ነው የሚሠሩት። መስታወቷ የዕቃውን ግድግዳ ከነካችም ተጣብቃ ትቀራለች፣ ውሸት ትናገራለች። ጠባብ ዕቃ አይሆንም።

ሙቀት ምን አገባው?

ብዙ ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው። ፈሳሽ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ክብደቱ ያው ሆኖ ቦታው ይበዛል፣ ስለዚህ ያው ብልቃጥ የሚይዘው ይቀንሳል። 1 ሚሊ ሊትር ውሃ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1 ግራም ነው ለማለት ይቻላል፣ በ20 ዲግሪ 0.9982 ይሆናል፣ በ25 ዲግሪ 0.9970። አልኮል ደግሞ ከውሃ የባሰ ይሰፋል።

ስለዚህ የላብራቶሪ ውጤት ላይ ከቁጥሩ ጎን «20/20» ወይም «20/4» የሚል ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ፈሳሹ የተለካበት ሙቀት ነው፣ ሁለተኛው የሚነጻጸርበት ውሃ ሙቀት። ሙቀቱ ያልተጻፈበት ቁጥር ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ ነው። ላብራቶሪው ውስጥ ብልቃጧ ሙቀቱ 20 ዲግሪ የሆነ የውሃ ገንዳ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ተዘፍዝፋ የምትቆየው ለዚሁ ነው። ሃይድሮሜትር ላይም ስንት ዲግሪ ላይ እንደተስተካከለች አንገቷ ላይ ተጽፏል፣ በጣም በደቃቁ፣ ማንም አያነበውም እንጂ።

ላክቶሜትር ወተቱ ውሃ ገብቶበታል ካለ፣ በእርግጥ ገብቶበታል?

አሁን ወደ እውነተኛው ጸብ መጣን። ላክቶሜትር ማለት ለወተት ብቻ የተሠራች ሃይድሮሜትር ናት። ቁጥሮቿን አሳጥረዋቸዋል፤ 30 ካለች 1.030 ማለት ነው፣ 27 ካለች 1.027። የላም ወተት አብዛኛውን ጊዜ በ28 እና በ32 መካከል ይገኛል። ውሃ 0 ነው። ስለዚህ 30 የነበረ ወተት ላይ ከ10 አንዱ እጅ ውሃ ቢሆን 27 ይላል። ሒሳቡ ቀጥ ያለ ነው።

ገበሬው ጠዋት አልቦ፣ ጀሪካኑን ጭኖ፣ ሮጦ ይመጣል። ተረካቢው መስታወቷን ይለቃታል። 26 ትላለች። «ውሃ ገብቶበታል፣ መልስ።» ገበሬው ይምላል። ማን ነው ትክክል?

መጀመሪያ ሙቀቱን ጠይቁ። አሁን የታለበ ወተት የላሟን ሙቀት ይዞ ነው የሚወጣው፣ 38 ዲግሪ አካባቢ። መለኪያዋ ለ20 ዲግሪ የተሠራች ከሆነ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ብልጫ 0.2 መጨመር አለበት። ወተቱ 35 ዲግሪ ላይ ነው እንበል፣ የ15 ዲግሪ ብልጫ፣ ሲባዛ 3። ስለዚህ 26 ያለችው 29 ነው፣ ምንም ያልነካው ወተት። ደግሞም ይህ የማስተካከያ ደንብ ለጥቂት ዲግሪ ልዩነት የተሠራ ነው፣ እንዲህ ሲራራቅ እሱም አይታመንም። ትክክለኛው ወተቱን አቀዝቅዞ መለካት ነው።

ሁለተኛ፣ ስንት ሰዓት ሆነው? ትኩስ ወተት ውስጥ የታለበበት አየር አለ፣ ቅቤውም ገና ፈሳሽ ነው። ወተቱ ቀዝቅዞ ጥቂት ሰዓት ሲያድር፣ አረፋው ሲወጣና ቅባቱ ሲረጋ፣ ንባቡ በራሱ ጊዜ ወደ 1 ያህል ከፍ ይላል። ማንም ምንም ሳይጨምርበት። ላብራቶሪ ውስጥ ሲሠራ ወተቱን እስከ 40 ዲግሪ አሙቆ፣ በቀስታ አማስሎ፣ ከዚያ ወደ 20 አውርዶ መለካት የተለመደ ነው፣ ላዩ የሰፈፈው ስልባቦት እኩል እንዲደባለቅ።

እዚህ ጋ ለገበሬው ያደላሁ መሰለኝ። የተረካቢው ተራ ይድረስ። 30 ያለ ወተትም ንጹሕ ላይሆን ይችላል።

እንዴት? ወተት ውስጥ ሁለት ተጻራሪ ነገሮች አሉ። ቅባቱ ከውሃ ይቀላል፣ 0.93 ገደማ ነው፣ ንባቡን ወደ ታች ይጎትታል። ፕሮቲኑ፣ ስኳሩና ማዕድኑ ከውሃ ይከብዳሉ፣ ወደ ላይ ይጎትቱታል። ቅባቱን ገፍፋችሁ ብታወጡት ወተቱ ይከብዳል፤ ንባቡ 35 ይደርሳል። አሁን ብልጥ ሰው ምን ያደርጋል? ክሬሙ በወጣለት 6 ጆግ ወተት ላይ 1 ጆግ ውሃ ይጨምራል። 35 በ6 ሲባዛ 210፣ ለ7 ሲካፈል 30። መስታወቷ 30 ላይ ቁጭ ትላለች፣ ከምርጥ ወተት አትለየውም። ቅቤውም ተወስዷል፣ ውሃውም ተሽጧል። ውሃ ጨምሮ በስኳር ወይም በጨው ንባቡን የሚመልስም አለ።

ስለዚህ ጥሩ ላብራቶሪ በላክቶሜትር ብቻ አይፈርድም። የቅባቱን መጠን ለብቻ ይለካል። ጥርጣሬ ካለ ወተቱ በስንት ዲግሪ እንደሚበርድ፣ ማለትም በረዶ እንደሚሆን ያያል፤ ንጹሕ የላም ወተት በረዶ የሚሆነው ከዜሮ በታች 0.52 እስከ 0.55 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ውሃ ሲጨመርበት ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ይህን ማታለል ይከብዳል።

ቁጥሩ ፈሳሹ ምን እንደሆነ ይነግረናል?

አይነግረንም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ስፔሲፊክ ግራቪቲ አንድ ነገር እንደተለወጠ ይጠቁማል፣ የተለወጠው ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። አንድ ሰው 70 ኪሎ መዘነ ማለት ማን እንደሆነ አወቅን ማለት እንዳልሆነ ሁሉ።

ማርን ውሰዱ። ውሃ የበዛበት ማር በዚህ ይያዛል፣ ቁጥሩ ይወርዳል። በስኳር የተጭበረበረ ማር ግን አይያዝም፤ ስኳር ውሃ ውስጥ ተቀቅሎ እንደ ማር እስኪወፍር ከደረሰ እሱም 1.4 ይሆናል።

ከሁሉ የሚያስፈራው አልኮል ነው። በ20 ዲግሪ የሚጠጣው ኢታኖል 0.789 ነው። ዓይን የሚያጠፋውና ሰው የሚገድለው ሜታኖል 0.791። ልዩነቱ 0.002 ብቻ። አረቄ ውስጥ ሁለቱ ከውሃ ጋር ተደባልቀው ሲገኙ የአልኮል መለኪያዋ ሁለቱንም እንደ አንድ ነው የምትቆጥራቸው። «ለክተነዋል፣ 45 በመቶ ነው» ማለት «ደህና ነው» ማለት አይደለም። ሜታኖልን ለመለየት ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል።

ታዲያ ለምን ይጠቅማል?

የምትለኩት ምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ስታውቁ በጣም ይጠቅማል። ጠጅ ጣዮች ይህን ቢያውቁት ደስ ይለኛል። አንድ እጅ ማር በአራት እጅ ውሃ ስትበርዙ፣ 1.42 ሲደመር 4፣ ለ5 ሲካፈል፣ 1.084 የሆነ ብርዝ ታገኛላችሁ። አንድ ለሦስት ካደረጋችሁት 1.105። ከዚያ ጌሾው ገብቶ መፍላት ሲጀምር እርሾው ስኳሩን እየበላ አልኮል ያደርገዋል። ስኳር ከባድ ነው፣ አልኮል ቀላል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ቀን በቀን ይወርዳል። 1.084 የነበረው 1.010 ላይ ሲደርስ፣ ልዩነቱ 0.074 በ131 ሲባዛ፣ ወደ 10 በመቶ ገደማ አልኮል አለው ማለት ነው። 131 በልምድ የተገኘ ማባዣ ነው፣ ግምት ይሰጣል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። ለብዙ ቀን ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ፍላቱ ቆሟል። እየወረደ ያለውን በጠርሙስ አሽጎ ማስቀመጥ ግን ጠርሙሱን ማፈንዳት ነው።

ልብ በሉ፣ ያለቀለትን ጠጅ ብቻ አንድ ጊዜ ለክቶ አልኮሉን ማወቅ አይቻልም፤ የቀረው ስኳር ወደ ላይ፣ አልኮሉ ወደ ታች ይጎትቱታልና። መጀመሪያውንም መጨረሻውንም መለካት ግድ ነው።

የመኪና ባትሪም እንዲሁ ነው። ውስጡ ያለው ሰልፈሪክ አሲድና ውሃ ነው። ባትሪው ሲሞላ 1.265 እስከ 1.280 ይላል፣ ሲያልቅ አሲዱ ወደ እርሳሱ ሰሌዳ ገብቶ ውሃው ይበዛል፣ እስከ 1.120 ገደማ ይወርዳል። ኤሌትራውቶው የላስቲክ ፊኛ ያላትን መምጠጫ በየቀዳዳው እየከተተ የሚያየው ይህን ነው። ስድስቱም የባትሪው ክፍሎች ዝቅ ካሉ ቻርጅ ይደረጋል፣ አንዱ ብቻ ከዘቀጠ ያ ክፍል ሞቷል። አሲዱ ዓይን ላይ እንዳይፈናጠር ብቻ። ድፍኖቹ ባትሪዎች ላይ ደግሞ ክዳኑ አይከፈትም፣ ይህ አይሠራም።

ሽንት ላይ ከ1.005 እስከ 1.030 የተለመደ ክልል ነው። ብዙ ውሃ ከጠጣችሁ ዝቅ ይላል፣ ከተጠማችሁ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ በአንድ ጠዋትና በአንድ ከሰዓት እንኳ አይመሳሰልም። ሐኪሙ ከሌሎቹ ውጤቶች ጋር ነው የሚያነበው፣ እሱን ለብቻው ይዛችሁ አትጨነቁ።

አሁን እነዚህን በማሽን መለካት አይቻልም?

ይቻላል። ደህና ገንዘብ ያላቸው ላብራቶሪዎች እንደ ዩ ፊደል የታጠፈ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ያለበት ማሽን አላቸው። 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ፈሳሽ በመርፌ ይገፉበታል፣ ማሽኑ ቱቦውን ያርገበግበዋል። የክራርን ጅማት አስቡ፤ ወፍራሙ ቀስ ብሎ ይርገበገባል፣ ድምፁም ይወፍራል፣ ቀጭኑ ፈጥኖ። ቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ በከበደ ቁጥር ርግብግብታው ይዘገያል፣ ማሽኑ መዘግየቱን ቆጥሮ እፍጋቱን ያወጣል። ሙቀቱንም ራሱ ያስተካክላል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ አምስት አኃዝ። ቱቦው ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ ከገባች ግን ያንኑ አምስት አኃዝ በሙሉ ልብ ተሳስቶ ይሰጣችኋል።

ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል?

ለዚያችው እናት ያሳየሁት እንዲህ ነበር። አንድ የመስታወት የለስላሳ ጠርሙስ፣ ግራም የምታሳይ የማእድ ቤት ሚዛን። ጠርሙሱን ባዶውን መዘንን። ውሃ እስከ አፉ ሞልተን መዘንን፣ የጠርሙሱ ሲቀነስ ውሃው 320 ግራም። ውሃውን ደፍተን፣ ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ አድርቀን፣ ያንን የተረገመ ዘይት እስከ አፉ ሞላን፣ ውጪውን ጠረግን። 294 ግራም። ስልካቸውን አውጥተው ራሳቸው አካፈሉት። 0.919።

ዝም ብለው ቆዩ። ዘይቱን ወደ ጀሪካኑ በጥንቃቄ መለሱት፣ አንዲት ጠብታ አልባከነችም። «እንግዲያው ሰውየውን በከንቱ ነው የሰደብኩት» አሉ።

ከዚያ ከዚያው ሱቅ የገዙትን ስኳር ፌስታሉን ከቁም ሳጥኑ አወጡ። «ይኼ ግን በኪሎ ነው የሸጠልኝ» ብለው ሚዛኗ ላይ አስቀመጡት።